ቫይረስ አልነበረም፦ ሚሊዮኖችን የጣለች የአንዲት ትንሽ ጣሳ ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን ኮምፒውተር ሲታመም ለብዙ ጊዜ የምናውቀው ሁለት ምርመራና አንድ መድኃኒት ብቻ ነበር። ምርመራው ወይ «ቫይረስ ገብቶበታል» ነው፣ አለዚያም «መብራት መትቶታል»። መድኃኒቱ ደግሞ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ይደረጋል፤ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍም፣ የሠርጉ ፎቶም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ለሁለት ቀን ጤነኛ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ሥራ መሀል ስታክ ያደርጋል፣ ወይም ራሱን አጥፍቶ ራሱ ይነሳል። እንደገና ፎርማት! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ቫይረስ አልነበረም ስንል ጨርሶ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ነበረ፣ ያውም በየፍላሹ። ነገር ግን ከ1999 እስከ 2007 ገደማ ከተሠሩት የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች መካከል እጅግ ብዙዎቹን የገደላቸው ሶፍትዌር አልነበረም። የገደላቸው ማዘርቦርዳቸው ላይ የቆመች፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ አንዲት ጣሳ ናት። ስሟ ካፓሲተር ነው፤ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኞች ኮንደንሰር ይሏታል። ፈረንጆቹ ያን ዘመን «የካፓሲተር ወረርሽኝ» ብለው ሰይመውታል። ታሪኩ የሰላይ ወሬ አለው፣ የፍርድ ቤት ሰነድ አለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ዝምታ አለው። ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች እንዲህ ያለውን ዝምታ ማለፍ ይከብደናልና እስቲ አብረን እንየው።

ማዘርቦርድ ላይ ያለ ሮቶ

የአዲስ አበባ ሰው ካፓሲተርን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ይመልከት። የመስመር ውሃ ሲመጣም ሲሄድም ያጠራቅማል፤ ለቤቱ ግን ሳያቋርጥ ይለቃል። ካፓሲተርም የምትሠራው ይህንኑ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚመጣው ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ነው። የፔንቲየም 4 ዘመን ፕሮሰሰር የሚፈልገው ግን 1.5 ቮልት ገደማ ነው፤ ቮልቱ ያንስ እንጂ የሚስበው ከረንት ከ50 አምፒር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ሰርኪዩት 12 ቮልቱን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ያወርደዋል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ኤሌክትሪክ የተቆራረጠ ነው። ያንን ዝላይ ውጠው፣ ረጋ ያለ አድርገው ለፕሮሰሰሩ የሚያቀብሉት በዙሪያው የተደረደሩት ጣሳዎች ናቸው። ሮቶው ከተሰነጠቀ ግፊቱ ይዋዥቃል። ፕሮሰሰሩ ይሳሳታል፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ እኛም «ቫይረስ!» እንላለን።

ጣሳዋ ውስጥ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ፎይሎች፣ በመሃላቸው ወረቀት ተደርጎ፣ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ኤሌክትሮላይት በሚባል ፈሳሽ የራሰ ነው። በ1990ዎቹ የጃፓን አምራቾች ብዙ ውሃ ያለበት አዲስ ኤሌክትሮላይት ማምረት ጀመሩ። ውሃ ርካሽ ነው፤ ፈሳሹም ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ለፈጣን ፕሮሰሰሮች ተስማሚ ነበር። ችግሩ ውሃ አሉሚኒየምን መብላቱ ነው። አሉሚኒየሙን የሚጠብቅ ቅመም በትክክለኛው መጠን ካልገባበት ውሃና ብረቱ ይያያዙና ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈጥራሉ። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጣሳዋ ታብጣለች። አናቷ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጭረት ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ግፊት ሲበዛባት ከምትፈነዳ ይልቅ በዚያ በኩል ተከፍታ እንድትተነፍስ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጤነኛዋ ጣሳም ዕድሜዋ የተቆጠረ ነው። ብዙዎቹ ላይ «105 ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አንዲት ጣሳ በዚያ ሙቀት 2,000 ሰዓት ትቆያለች ተብላ ከተሠራች፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜዋ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ሌት ተቀን ብትሠራ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ማለት ነው። በ45 ዲግሪ ደግሞ ከአሥር ዓመት ይዘላል። የወረርሽኙ ዘመን ጣሳዎች ግን ገና በሁለተኛው ዓመታቸው፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ያብጡ ነበር። ይህ እርጅና ሊባል አይችልም።

ሰላዩና የጎደለው ቀመር

ወሬው በሙያ መጽሔት የወጣው በሴፕቴምበር 2002 ነው፤ መጽሔቱም «ፓሲቭ ኮምፖነንት ኢንዱስትሪ» ይባላል። በፌብሩዋሪ 2003 የመሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት የሆነው «አይ ትሪፕል ኢ ስፔክትረም» ጉዳዩን ለሰፊው አንባቢ አደረሰው። በእነዚህ ዘገባዎች የተተረከው ታሪክ ፊልም ይወጣዋል። ሩቢኮን በተባለው የጃፓን ኩባንያ ይሠራ የነበረ አንድ ባለሙያ ወደ ቻይና ኩባንያ ይዛወራል፤ እዚያም የቀድሞ አሠሪውን ፈሳሽ አስመስሎ ይሠራል። ቀጥሎ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ቀመሩን ይዘው ወደ ታይዋን ይኮበልላሉ። ይዘውት የሄዱት ቀመር ግን ጎዶሎ ነበር። ያ ጎዶሎ ፈሳሽ በታይዋን ካፓሲተር ፋብሪካዎች በኩል ወደ ዓለም ማዘርቦርዶች ገባ ተባለ።

ታሪኩ ግማሽ መሠረት አለው። በ2004 የወጣ የአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ያበጡ ካፓሲተሮችን ከፍቶ ሲመረምር ውስጣቸው ሃይድሮጅን ጋዝ አገኘ፤ በፈሳሹም ውስጥ መኖር የሚገባው ጠባቂ ቅመም መጉደሉን አሳየ። ስለዚህ «ቀመሩ ጎድሏል» የሚለው ክፍል የላቦራቶሪ ምስክር አለው። «ሌባ ሰርቆታል» የሚለው ክፍል ግን በይፋ አልተረጋገጠም። ሆኖም ሰው ከኬሚስትሪ ይልቅ ሌባ ይወዳልና በየቦታው ሲደጋገም የኖረው ሁለተኛው ነው።

በዚህ ላይ የሌባው ታሪክ የማይፈታው አንድ እንቆቅልሽ አለ። በዚያው ዘመን በገፍ ካበጡት ካፓሲተሮች መካከል ኒቺኮን የተባለው፣ ስመ ጥር የጃፓን ኩባንያ ያመረታቸው ይገኙበታል። እዚህ ላይ የታይዋንን ሌባ መክሰስ አያዋጣም። ወደ ትልቁ ቅሌት የሚወስደንም ይኸው የኒቺኮን ጣሳ ነው።

ዴል ያወቀው፣ ደንበኛው ያላወቀው

ከሜይ 2003 እስከ ጁላይ 2005 ዴል ኩባንያ በእነዚህ ካፓሲተሮች ምክንያት ሊበላሹ የሚችሉ ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ሸጧል። ከእነዚህ ውስጥ ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 እና ጂኤክስ280 የተባሉት በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የሚታወቁ ናቸው። ቁጥሩ በሰፊው የተሰማው ግን በ2010 ነው። በ2007 አንድ የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት የገዛቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ችግር ላይ ወድቀውበት ዴልን ከሰሰ፤ በክሱ ሂደት የቀረቡት የውስጥ ሰነዶች ሲከፈቱ «ኒው ዮርክ ታይምስ» ጻፈባቸው።

ሰነዶቹ የሚሉት ያስገርማል። ዴል ያስጠናው ጥናት እነዚህ ኮምፒውተሮች በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ችግር የማምጣት ዕድላቸው እስከ 97 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ገምቶ ነበር። የሽያጭ ሠራተኞች ግን ጉዳዩን ራሳቸው አንስተው ለደንበኛ እንዳይነግሩ፣ ሲጠየቁም ነገሩ ገና ያልተረጋገጠ መሆኑን እንዲያጎሉ ተመክረዋል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኮምፒውተሮቹ ሲበላሹ ዴል መርምሮ የሰጠው ምክንያት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፦ ከባድ የሒሳብ ስሌት ስላሠራችኋቸው ነው! ኮምፒውተር ሒሳብ ሠርቶ ታመመ፣ ይታያችሁ። ዴልን በዚሁ ክስ የተከላከለለት የሕግ ድርጅት ሳይቀር የራሱን 1,000 ያህል ኮምፒውተሮች ለማስጠገን ከዴል ጋር መነታረክ ነበረበት።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ዴል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የዋስትና ጊዜ አራዝሟል፣ የተበላሹ ማዘርቦርዶችን ቀይሯል፣ በ2005 ለዚሁ ጉዳይ 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ይዟል። አፕልም በዚያው ዓመት ለአይማክ ጂ5 ኮምፒውተሮቹ የነጻ ጥገና ፕሮግራም ከፍቷል። ከታይዋን ማዘርቦርድ አምራቾች ደግሞ አቢት ችግሩን ቀድሞ በአደባባይ ያመነ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በዚህ ታሪክ ግን በሽታውን የደበቀው አንድ ነው፣ መድኃኒት ያጣው ሌላ። የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ሰነዱ የጠፋበት፣ ሥራው የቆመበት፣ «አያያዝህ ነው» የተባለው ገዢው ነው።

ከእነሱ ቢሮ ወደ እኛ ላቦራቶሪ

እነዚያ ኮምፒውተሮች በሀብታሙ ዓለም ሦስት አራት ዓመት ካገለገሉ በኋላ የት ሄዱ? ብዙዎቹ ተጣሉ። ከዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ብዙዎች ግን በንግድም በእርዳታም «ያገለገለ» እየተባሉ ወደ አፍሪካ መጡ፤ ኢትዮጵያም ድርሻዋን አግኝታለች። የኢንተርኔት ካፌዎቻችንና የትምህርት ቤት ላቦራቶሪዎቻችን ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ነው። የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች እንኳ አንዱን ኮምፒውተር ለአራት ተጋርተን ነው የተማርነው፤ ግማሹ ላቦራቶሪ «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ የደከመችው ጣሳ ላይ ተጨማሪ ጫና ነው። ፍርዱ ግን ያው ነበር፦ «ተማሪዎች ነካክተውት ነው።» የቴክሳሱን ሒሳብ አስታወሳችሁ?

በዚህ ሁሉ ውስጥ እውነቱን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ጠጋኞቹ ናቸው። ፈረንጅ አገርም ሆነ መርካቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ያበጠች ጣሳ ያየ ሰው ምንም ሰነድ አያስፈልገውም። አሠራራቸውም ሊነገር የሚገባው ነው። መጀመሪያ ዓይን፦ የጣሳዋ አናት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ካበጠ፣ ወይም ቡናማ ነገር ከአናቷ ወይም ከሥሯ ከፈሰሰ ጥፋተኛዋ ተገኝታለች። ቀጥሎ ማጣራት፦ ሌላ ደህና ፓወር ሰፕላይ ይሞከራል፤ ከፕሮሰሰርና ከአንድ ራም በቀር ሌላው ሁሉ ይነቀላል። ሰዓቱና ቀኑ ብቻ የሚዛባ ከሆነ ግን ካፓሲተርን አትጠርጥሩ፤ ሳንቲም የምትመስለዋ ባትሪ አልቃ ይሆናል።

ከዚያ ቅየራው ነው። አዲሷ ጣሳ በማይክሮፋራድ ከአሮጌዋ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም የምትበልጥ፣ ዓይነቷም ለዚህ ፈጣን ሥራ የምትሆነው ውስጣዊ መከላከያዋ ያነሰ መሆን አለባት። ጎኗ ላይ ያለው መስመር የኔጌቲቭ እግሯን ያሳያል፤ ተገልብጣ ከገባች ትፈነዳለች። ስለዚህ ጎበዝ ጠጋኝ አሮጌዋን ከመንቀሉ በፊት አቀማመጧን ያስተውላል። እስታኞውን ማቅለጥም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ማዘርቦርድ ብዙ ድርብርብ መስመሮች ስላሉት ሙቀቱን ይመጣቸዋል፣ የቸኮለም ቀዳዳውን ገንጥሎ ቦርዱን ይገድላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ለመክፈት አትሞክሩ። እዚያ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ሊመቱ ይችላሉ።

ኢንዱስትሪውም ውሎ አድሮ ተምሯል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ማዘርቦርድ አምራቾች ፈሳሽ የሌላቸውን የፖሊመር ካፓሲተሮች እያስገቡ መጡ፤ በማሸጊያ ካርቶናቸው ላይ ሳይቀር እንደ ትልቅ ብልጫ ያስተዋውቋቸው ነበር። የሚተን፣ አሉሚኒየምን የሚበላ ውሃ የላቸውምና ዛሬ አዲስ ቦርድ ላይ ያበጠ አናት ማየት ብርቅ ነው። ያም ሆኖ የድሮዎቹ ማሽኖች ጨርሰው አልጠፉም። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ በየትምህርት ቤቱ ጓሮ ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የያዝነው ነገር አንድ ነው። ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ተጠቃሚው ነው፤ በቴክሳስ ሒሳብ የሠራው ፕሮፌሰር፣ በእኛ ላቦራቶሪ ቁልፉን የነካው ተማሪ። የጥቂት ሳንቲም ጣሳ ናት ጥፋተኛዋ ብሎ የሚናገር ከተገኘ ግን ክርክሩ ይለወጣል፤ ለዚህ ደግሞ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሞቷል» የተባለ ኮምፒውተር በአጠገባችሁ ካለ፣ ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉትና የጎኑን ክዳን ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉትን ጣሳዎች በባትሪ መብራት እዩዋቸው። ያበጠች ካገኛችሁ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱትና ምርመራችሁን ንገሩት። «ፎርማት ይደረግ» ካላችሁ ግን ሌላ ጠጋኝ ፈልጉ።