መጻፍን ማን ያስተምር?

ተማሪው የላብራቶሪ ሪፖርት መጻፍ ቢያቅተው ጥፋቱ የማን ነው? የኬሚስትሪ መምህሩ ወደ እንግሊዝኛ መምህሩ ይጠቁማል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ «እኔ ስለ አሲድና ቤዝ ምን አውቄ!» ይላል። ልጁ መሀል ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህ የኛ ትምህርት ቤቶች ችግር ብቻ ይመስለዋል። እንግሊዝና አሜሪካ ግን በዚሁ ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ዛሬ ማንም መምህር በስልኩ በነጻ የሚያወርዳቸው የማስተማሪያ ጽሑፎች ከዚያ ክርክር የተወለዱ ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ለአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ የተሰጠበት ዘመን ሩቅ ነው። ሃርቫርድ በ1874 አመልካቾቹን በመግቢያ ፈተና ላይ አጭር የእንግሊዝኛ ድርሰት ማጻፍ ጀመረ። ያነበቡት ጽሑፍ ፕሮፌሰሮቹን አላስደሰታቸውም። በ1880ዎቹ አጋማሽ መፍትሔ ተብሎ የአንደኛ ዓመት የድርሰት ኮርስ መጣ፤ ሌሎች ኮሌጆችም ተከተሉ። መጻፍ እንደ ክትባት ተቆጠረ፣ አንዴ ከተወጉት ይበቃል። የታሪኩም የፊዚክሱም መምህር ከዚያ ወዲያ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። በኛ ዩኒቨርሲቲዎች «ፍሬሽማን ኢንግሊሽ» የወሰደ ሰው አሠራሩ አዲስ አይሆንበትም።

ይህን ስምምነት ያፈረሱት ፕሮፌሰሮች ብቻ አይደሉም። የለንደን የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር በ1947 የተቋቋመ ነው፤ አባላቱ ከማስተማር በኋላ እየተሰበሰቡ የልጆችን ጽሑፍና ንግግር አብረው የሚመረምሩ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ጄምስ ብሪተንና ሃሮልድ ሮዘን ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች ከዳግላስ ባርንዝ ጋር ሆነው በ1969 ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ባርንዝ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች የሚማሩባቸውን ክፍሎች ንግግር ቀድቶ ሲመረምር ያየው ነገር ቀላል አልነበረም፤ መምህሩ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ይጠይቃል፣ ልጁም መምህሩ የፈለጋትን አንዲት ቃል ያድናል። ልጁ ሲያስብ የሚሰማበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ሮዘን ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ትምህርት ቤት በሁሉም የትምህርት ዓይነት የሚሠራ የቋንቋ ፖሊሲ ይኑረው።

ብሪተንና ባልደረቦቹ ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች በየትምህርቱ የጻፉትን ከ2 ሺህ በላይ ጽሑፍ ከ65 ትምህርት ቤቶች ሰበሰቡ። የጂኦግራፊም፣ የሳይንስም፣ የሃይማኖትም ትምህርት አለበት። ውጤቱ በ1975 ታተመ። ከጽሑፎቹ ግማሽ ያህሉ የተጻፉት ለፈታኝ ነበር። ተማሪው የሚጽፈው ነገሩን ለማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከእሱ በላይ ለሚያውቅና ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ነበር እንጂ። ልጁ ለራሱ ነገሩን እያብሰለሰለ፣ እየተጠራጠረ የጻፈው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። በሰሌዳ የተጻፈውን ሾርት ኖት ቃል በቃል እየገለበጠ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ አያስገርመውም።

የማስተማሪያ ጽሑፍ ማሰራጨትም የተጀመረው ያኔ ነው። ከ1971 እስከ 1976 በናንሲ ማርቲን መሪነት የተካሄደው ፕሮጀክት ስሙ «በሁሉም ትምህርት መጻፍ» ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌክቸር አላደረገም፤ መምህራን ክፍላቸው ውስጥ የሞከሩትንና ልጆቹ የጻፉትን በቀጫጭን በራሪ መጻሕፍት አድርጎ ለሌሎች መምህራን በተነ። የዛሬው ድረ ገጽ አያት እነዚያ ወረቀቶች ናቸው። በ1975 የወጣውና የቡሎክ ሪፖርት የሚባለው የመንግሥት ሰነድም ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዚህ መንገድ እንዲሄዱ መከረ። (ጥናቱን በ1972 ያዘዘችው የያኔዋ የትምህርት ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር መሆኗ ለታሪክ ፈገግታ ይሁን።) ብዙ የሌሎች ትምህርቶች መምህራን ግን ሪፖርቱን «ሌላ ተጨማሪ ሸክም» ብለው ተቀበሉት፤ የምክሩ ትልቁ ክፍል በወረቀት ቀረ።

አሜሪካኖች ነገሩን የያዙት በድንጋጤ ነው። በታኅሣሥ 1975 ኒውስዊክ መጽሔት ልጆች መጻፍ አቃታቸው ብሎ በሽፋኑ ጮኸ፣ ወላጅ ተንጫጫ፣ ገንዘብ መጣ። ሥራው ግን ከጩኸቱ በፊት በዝምታ ተጀምሮ ነበር። በአዮዋ ግዛት ሴንትራል ኮሌጅ ባርባራ ዋልቮርድ የተባለች መምህርት በ1970 አካባቢ የተለያዩ ክፍሎችን መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ ስለ ተማሪዎቻቸው ጽሑፍ ማነጋገር ጀምራለች። በ1977 ደግሞ ጃኔት ኤሚግ መጻፍ ራሱ የመማሪያ መንገድ ነው ብላ ተከራከረች። ተማሪው ያወቀውን ብቻ አይጽፍም፤ እየጻፈ ያውቃል።

በጣም የሚያስደንቀው ግን ሚሺጋን ቴክ ነው። የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ነው፣ ስለ ድርሰት ግድ ይለዋል ተብሎ የማይጠበቅ። ቶቢ ፉልዋይለርና አርት ያንግ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በኋላም በጄኔራል ሞተርስ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ የመሐንዲስነትና የሳይንስ መምህራንን ከግቢ አውጥተው ለጥቂት ቀናት ወርክሾፕ ይወስዱ ነበር። እዚያ ስለ ተማሪ ድክመት ንግግር አልተደረገም፤ መምህራኑ ራሳቸው ወረቀት ተሰጥቷቸው እንዲጽፉና ለጎረቤታቸው እንዲያነቡ ተደረገ። ለዓመታት የሌላውን ጽሑፍ በቀይ ሲሰርዝ የኖረ ፕሮፌሰር የራሱን ረቂቅ ጮክ ብሎ ሲያነብ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይታያችሁ!

ከነዚህ ክፍሎች የወጣው ዘዴ ዋጋ አይጠይቅም። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተማሪው ያልገባውን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ መምህሩ ማርክ አይሰጥበትም፣ ከመሀል ጥቂቱን አንብቦ የነገውን ትምህርት ያስተካክላል። «ፎቶሲንተሲስን አብራራ» በማለት ፈንታ «ሰባተኛ ክፍል ላለችው እህትህ በደብዳቤ አስረዳ» ይባላል፤ አንባቢው ስለሚታወቅ መገልበጥ ያስቸግራል። እርማት የሚሰጠውም ተማሪው ገና ሊያሻሽለው በሚችል ረቂቅ ላይ ነው፤ በተዘጋ ውጤት ላይ የሚፈስ ቀይ ቀለምን ማንም አያነበውም።

ይህ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት የገባው በ1990ዎቹ ነው። ፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ ሙሪየል ሃሪስ በ1976 ያቋቋመችውን የጽሑፍ ላብራቶሪ በ1994 ኦንላይን አወጣው፤ ሪፈረንስ አጻጻፍ የጨነቀው ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ለመምህሩ የሚሆነው ግን በ1997 በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በማይክ ፓልምኲስት አማካይነት የተከፈተው ዋክ ክሊሪንግሃውስ ነው። መጽሐፉም ጆርናሉም በነጻ ይወርዳል፤ ክፍያ የለም።

ነጻ መሆኑ ግን ለኛ ሁኔታ ተሰፍቷል ማለት አይደለም። ገጾቹ የሚያስቡት ትንሽ ክፍል፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ተማሪ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይም የጽሑፍ ማእከል ያለበት ግቢ ነው። የኛ ተማሪ ቢያንስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ግን በምርጫ ነው። አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በመመረቂያ ዓመቱ ረጅም ጥናት ጻፍ ይባላል፤ በየዩኒቨርሲቲው በር የ«ሪሰርች እንሠራለን» ማስታወቂያ የበዛው በሌላ ምክንያት አይደለም። አሁን ደግሞ ያንኑ ሥራ በነጻ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። የሚያሳዝነው፣ ተማሪን በየዕለቱ አዲስ ነገር እያስቆጠሩ፣ መምህሩ ፊት እያስነገሩና እያረሙ ማሳደግ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ቅኔ ቤቱ ሲሠራበት የኖረ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ከዚያ የወሰደው የለም።

ስልሳና ከዚያ በላይ ልጅ ለታጨቀበት ክፍል ከኮሎራዶው ድረ ገጽ መጀመሪያ መነበብ ያለበት የመግቢያ መመሪያው ነው። እዚያ ውስጥ ለመማር መጻፍ ምን እንደሆነና መምህሩ በእርማት ሳይቀበር ጽሑፍ እንዴት ማሠራት እንደሚችል የሚያስረዱ አጫጭር ክፍሎች አሉ። የኬሚስትሪ መምህሩና የእንግሊዝኛ መምህሩ በእረፍት ሰዓት አብረው ቢያነቧቸው አንድ ሻይ ሳይበርድ ያልቃሉ።