ስማችን በማን ዝርዝር ላይ ነው?

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልኩን ይዞ እዚህ ካኩማ ቤቴ መጣ። «ቲቸር፣ ለስኮላርሺፑ የተጠሩት ልጆች ኢሜይል ደርሷቸዋል። ለእኔ ምንም የለም» አለኝ። አብረን ከፈትነው። በነጻ የተሰጠው 15 ጊጋባይት ጢም ብሎ ሞልቷል። ፎቶው አለ፤ በላዩ ላይ የጫማ ቅናሽ፣ የቁማር ማስታወቂያ፣ አንድ ቀን ተመዝግቦ የረሳው ኮርስ፣ በየቀኑ የሚመጣ የሥራ ማስታወቂያ። ደውለን ስንጠይቅ «ደብዳቤው ተልኮ ተመልሶብናል፤ ቀኑም አልፏል» ተባልን።

«ይሄን ሁሉ ለምን አንሰብስክራይብ አላደረግክም?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ስሜን ከዝርዝር ላይ በገዛ እጄ እንዴት አጠፋለሁ?»

አልሳቅኩበትም። እኛ በዝርዝር የምንኖር ሰዎች ነን። ራሽን በዝርዝር፣ ኢንተርቪው በዝርዝር፣ በረራ በዝርዝር። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ስሙን ያልፈለገ ከመካከላችን ማን አለ? የእሱ ፍርሃት የሁላችንም ነው። ግን የኢሜይል ዝርዝር ከየት እንደመጣ ብናውቅ ፍርሃቱ ይቀለን ነበር።

በ1978 ጋሪ ተርክ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሻጭ፣ ከታተመ የአድራሻ ማውጫ ላይ ስም እየለቀመ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ማስታወቂያ ላከ። ማንም አልጠየቀውም፤ ብዙዎቹም ተቆጡ። ያልተፈለገ የኢሜይል ማስታወቂያ ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ይኸው ነው።

በዚያን ዘመን በወዳጅነት የሚጻጻፉ ሰዎች ዝርዝርም ነበር። ለመግባትም ለመውጣትም ዝርዝሩን የያዘውን ሰው መለመን ያስፈልጋል፤ እሱ ሥራ ከበዛበት ትጠብቃለህ። በ1986 ኤሪክ ቶማ የሚባል ፓሪስ የሚማር ተማሪ ይህን ሥራ ለኮምፒውተር የሚሰጥ ፕሮግራም ሠራ። ስሙ ሊስትሰርቭ ነው። «መዝግበኝ» ብለህ አንድ መስመር ትጽፍለታለህ፣ ይመዘግብሃል። «አስወጣኝ» ካልከው ያስወጣሃል። ሰው ደጅ መጥናት ቀረ። ብዙዎች ግን አድራሻውን እየተሳሳቱ «አስወጡኝ» የሚለውን ለዝርዝሩ አባላት በሙሉ ይልኩት ነበር። የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል።

የእኛ ካምፕ በተከፈተበት በ1992 ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ኤርትራውያን «ደሃይ» የሚባል የኢሜይል ዝርዝር መሠረቱ። በየአገሩ የተበተነ ሕዝብ በዚያ መስመር ስለ አገሩ ተወያየ፣ ተከራከረ። እንግዲህ ዝርዝር ለስደተኛ ጠላት ብቻ አልነበረም። ወዶ የገባበት ሲሆን ቤት ይሆናል።

ነጋዴው በበዛ ጊዜ መውጫው በር ጠበበ፤ ሕግም አስፈለገ። በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ የንግድ ኢሜይል የሚልክ ሁሉ መውጫ እንዲያስቀምጥና «አስወጣኝ» የተባለውን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲፈጽም አዘዘ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ጉግልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ነጋዴዎች በአንድ ጠቅታ የሚያስወጣ ቁልፍ እንዲያስቀምጡ አስገደዱ። ያቺን ትንሽ ቁልፍ ለማግኘት ይህን ያህል ዓመት ፈጅቷል።

ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ የዝርዝር ፕሮግራሞች ደብዳቤ ደጋግሞ የሚመለስበትን አድራሻ ራሳቸው ይሰርዙታል። ተማሪዬ ስሙን ላለማጥፋት ሲጠነቀቅ ሳጥኑ ሞላ፣ ደብዳቤው ተመለሰ። ከማይፈልገው ዝርዝር አልወጣም ብሎ ከሚፈልገው ዝርዝር ወጣ።

ስለዚህ ይህን አድርጉ። ኢሜይላችሁ መፈለጊያ ላይ «አንሰብስክራይብ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ዝርዝሮቹ ተሰብስበው ይመጣሉ። የምታውቁትንና የማትፈልጉትን አስወጡ። ላኪውን ጭራሽ የማታውቁት ከሆነ ግን ምንም ሳትነኩ ስፓም በሉት፤ መጫናችሁ አድራሻው ሰው እንዳለበት ይነግረዋል። ለመውጣት የይለፍ ቃል ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ሌባ ነው። የደለታችሁትም ቅርጫት ውስጥ ቦታ ይይዛልና ቅርጫቱን ባዶ አድርጉ። ከጫማ ሱቅ ዝርዝር መውጣት ፋይላችሁን አይነካም፤ ኬዛችሁን አይዘጋም።

አዲስ ነገር ላይ ኢሜይላችሁን ከመስጠታችሁ በፊትም አስቡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን።

ከልጁ ጋር ከሰዓት እስኪመሽ ቁጭ ብለን አጸዳን። የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የተጫንኩት፤ እጁ እምቢ ብሎት ነበር። ከአሥረኛው በኋላ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ያለፈው ስኮላርሺፕ አልተመለሰም። የሚቀጥለው ሲላክለት ግን የሚገባበት ቦታ አለው።

በየቤታችሁ ኢሜይል መክፈት የማይችሉ አባትና እናት አሉ፤ የእነሱንም እዩላቸው። ጥያቄ ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።