በረጅም ጉዞ ሞተርሳይክል ላይ የተጨማሪ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ብልሽት ፍለጋ

የረጅም ጉዞ ሞተርሳይክል ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚባሉት ሞተሩ ያለ እነሱ ሊነሣና ሊሄድ የሚችል፣ ነጂው ግን ለደኅንነት፣ ለምቾትና ለመገናኛ ሲል የሚያስገጥማቸው ናቸው፦ የጭጋግ መብራት፣ የሚሞቅ የመሪ እጀታ፣ የሚሞቅ ጃኬት፣ ጂፒኤስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሄልሜት መነጋገሪያ፣ የተጎታች ጋሪ መብራት። ከእነዚህ አንዱ ሥራ ሲያቆም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዕቃው ላይ ይላከካል። ዕቃው ይፈታል፣ አዲስ ይገዛል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲሱም ይጠፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። ብልሽቱ በአብዛኛው የሚገኘው ኮረንቲውን ወደ ዕቃው በሚያደርሰውና ወደ ባትሪው በሚመልሰው መንገድ ላይ ነው፤ የመንገዱ ጉድለት ደግሞ የሚገለጠው ኮረንቲ እየሄደበት ሲለካ ነው። የብልሽት ፍለጋው ዘዴ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የችግሩ አመጣጥ

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1974 በኮሎኝ ትርዒት ያቀረበው የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ፣ ጂኤል1000፣ ትልቅ የንፋስ መከላከያም የጎን ሻንጣም አልነበረውም፤ እነዚህንና ተጨማሪ መብራቱን የሚያስገጥሙት ባለቤቶቹ ነበሩ። በ1980 የወጣው ጂኤል1100 ኢንተርስቴት መከላከያውንና ሻንጣውን ከፋብሪካ ይዞ መጣ፤ በ1988 የተከተለው ጂኤል1500 ደግሞ 546 ዋት የሚያመነጭ ዲናሞ ተሰጠው። የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ እያደገ መሄዱን ፋብሪካውም ተቀብሎታል ማለት ነው። በመካከሉ ከ1984 እስከ 1987 የተሠራው ጂኤል1200 ግን ለዚህ መጣጥፍ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ትቷል። በዚህ ሞዴል ከዲናሞው የሚወጡት ሦስት ቢጫ ሽቦዎች የሚገናኙበት የፕላስቲክ ማያያዣ እየሞቀ በመቅለጥ ይታወቃል፤ የተለመደው መፍትሔም ማያያዣውን ቆርጦ ጥሎ ሽቦዎቹን እርስ በርስ መበየድ ነው። በፋብሪካ የታሰበበት መገጣጠሚያ እንዲህ ከደከመ፣ ባለቤቱ በናስትሮ ጠቅልሎ የተወው ወይም ሽቦውን ሳይቆርጥ በስለት ወግቶ በሚይዝ የፕላስቲክ መቆንጠጫ የቀጠለው ምን ያህል ይቆያል? ዕቃው ራሱ ብዙ ጊዜ ውኃ እንዳያስገባ ታሽጎ ይወጣል። መገጣጠሚያው ግን ዝናብ፣ አቧራና የማያባራ ንዝረት ይቀበላል፤ በመሪው አንገት በኩል የሚያልፈው ሽቦ ደግሞ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ይተጣጠፋል።

የቁጥሩ ምስክርነት

60 ዋት የሚወስድ መብራት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ በኦም ሕግ መሠረት ሬዚስታንሱ 2.4 ኦም ነው። በመንገዱ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ዝጎ 1 ኦም ብቻ ቢጨምር ጠቅላላው 3.4 ኦም ይሆናል፤ ኮረንቲው ወደ 3.5 አምፔር፣ መብራቱ ጋ የሚደርሰውም ቮልቴጅ ወደ 8.5 ይወርዳል። መብራቱ 60 ዋት ማግኘቱ ቀርቶ 30 ዋት ያህል ብቻ ያገኛል፤ መገጣጠሚያው ደግሞ ከ12 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ይበላል፣ ይህም ዝገቱን ያባብሰዋል። አሁን መብራቱ ከሽቦው ተነቅሎ የሽቦው ጫፍ በዲጂታል ቴስተር ቢለካስ? የተለመደው ቴስተር የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው፤ የሚስበው ኮረንቲ ከቁጥር ስለማይገባ 1 ኦሙ አይታይም፣ ቴስተሩም ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። «ኮረንቲው ይደርሳል፤ እንግዲህ የተበላሸው ዕቃው ነው» የሚለው ፍርድ የሚወለደው ከዚህ ንባብ ነው። ቴስተሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

የፍለጋው ቅደም ተከተል

ስለዚህ ፍለጋው ከባትሪው ይጀምራል። ጤናማ ባለ12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ከስራ ፈት ዙር ከፍ ብሎ ሲሽከረከር ከ13.5 እስከ 14.5 ድረስ መውጣት አለበት። ዕቃዎቹ ሁሉ ሲበሩ ይህ ቁጥር ከ13 በታች ከወረደ ችግሩ የአቅም ሊሆን ይችላል። 75 ዋት ጃኬት፣ 110 ዋት ጥንድ መብራትና 40 ዋት እጀታ ተደምረው 225 ዋት፣ በ13.5 ቮልት ወደ 17 አምፔር ይወስዳሉ፤ ዲናሞው በዝግታ ሲዞር ይህን ላይችል ይችላል። አቅሙ ካለ ግን ዕቃው እንደበራ መንገዱ ይለካል። አንዱ የቴስተር ጫፍ የባትሪውን ፖዘቲቭ፣ ሌላው የዕቃውን ፖዘቲቭ መግቢያ ሲነካ የሚታየው ቁጥር በመሄጃው የጠፋው ቮልቴጅ ነው። ከዚያ የዕቃው ኔጋቲቭና የባትሪው ኔጋቲቭ ሲነኩ የማሳው፣ ማለትም የመመለሻው፣ መንገድ ይታያል። ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ቮልት ካለፉ መንገዱ ታሟል። የት እንደታመመ ለማወቅ መንገዱን መሐል ላይ ከፍሎ መለካት፣ ጉድለቱ ያለበትን ግማሽ እንደገና መክፈል ነው፤ በሦስት ወይም በአራት ልኬት መገጣጠሚያው ይያዛል።

የብልሽቱ ጠባይም ይመራል። ፍሬቻው ሲበራ የጋሪው ስቶፕ መብራት አብሮ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ማሳው ላልቷል፤ ኮረንቲው የሚመለስበት ቢያጣ በሌላው አምፖል በኩል እየዞረ ነው። መሪው ሲዞር የሚጠፋ ዕቃ በመሪው አንገት የተላጠ ወይም ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አለው። ሁለት ዕቃ አንድ ላይ ከጠፉ ሁለቱ የሚጋሩት ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም ማሳ ይመረመራል። ፊውዝ ደጋግሞ የሚያቃጥል መስመር ሲሆን በፊውዙ ቦታ 21 ዋት አምፖል ማስገባት ይቻላል፤ ሾርቱ እስካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፣ ሽቦው እየተነካካ ሲሄድ የሚደበዝዝበት ቦታ ጥፋቱን ይጠቁማል። ሞተሩ ቆሞ ባትሪው የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ አምፔሩ በኔጋቲቩ ካቦ ላይ ይለካል። ሳይቋረጥ የሚስብ 50 ሚሊአምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ 18 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በ15 ቀን ባዶ ያደርጋል፣ ሞተሩ መነሣት የሚያቅተው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ዕቃውን ለውጦ ማየት ፈጣን ነው የሚል ነው። ሁለት አንድ ዓይነት መብራት ባለበት ሞተር ግራውን ወደ ቀኝ ማዛወር በእርግጥ ፈጣንና ነፃ ፈተና ነው። አዲስ ዕቃ ገዝቶ መለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲነቀልና ሲሰካ የዛገው መገናኛ ስለሚፋቅ አዲሱ ዕቃ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ይህም የተሳሳተውን ፍርድ እውነት ያስመስለዋል። ሁለተኛው ፊውዙን ከፍ ባለ ቁጥር መተካት ይበቃል የሚል ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ 5 አምፔር ሊሸከም በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ 15 አምፔር ፊውዝ ማስገባት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ያደርገዋል፣ የሚቃጠለውም ከነዳጅ ታንከሩ ሥር ነው።

ሦስተኛውና ክብደት ያለው ተቃውሞ ዘመናዊ ሞተሮች ይህን ዘዴ አስረጅተውታል የሚለው ነው። ቦሽ በ1986 ያስተዋወቀው ካን የተባለው የመረጃ መስመር ወደ ሞተርሳይክልም ገብቷል፤ በ2004 የወጣው ቢኤምደብሊው አር1200ጂኤስ በተለመደው ፊውዝ ምትክ ኮረንቲውን በኤሌክትሮኒክስ ይቆጣጠራል፣ ከተፈቀደው በላይ የሚስብ ዕቃ ሲሰካም መስመሩን ይዘጋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ሽቦን በስለት መውጋት ጥፋት ነው፤ «የተበላሸ» የሚመስለውም ሶኬት ሥራውን በትክክል ያከናወነ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ መፍትሔው ራሱ ወደ መነሻው ሐሳብ ይመልሳል። ብዙ የሚስበው ዕቃ ከባትሪው በቀጥታ፣ ለባትሪው በቀረበ ፊውዝና በሪሌ በኩል ይመገባል፤ የሞተሩ ቁልፍ የሚያዝዘው ትንሽ ኮረንቲ የሚበቃውን ሪሌ ብቻ ነው፤ ማሳውም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ያው ሽቦና መገጣጠሚያ ነው፣ የሚለካውም በዚያው መንገድ ነው።

የዚህ ሁሉ ትርጉም የሚታየው ሌሊት፣ ከመንደር ርቆ፣ ዝናብ ላይ ነው። ግማሽ ብርሃኑን በዛገ መገጣጠሚያ የሚያፈስ መብራት እንስሳውንና ጉድጓዱን ዘግይቶ ያሳያል፤ የፈዘዘ የጋሪ ስቶፕ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አያስጠነቅቅም። በልኩ ተጨፍልቆ በሙቀት በሚጠብቅ ቱቦ የታሸገ መገጣጠሚያ፣ እስከ ብረቱ የተፋቀ ማሳ፣ የተጨመረውን ሽቦ ሁሉ የሚያሳይ በወንበሩ ሥር የተቀመጠ ንድፍ ከአዲስ መብራት ዋጋ ያነሰ ያስወጣሉ። ከጥገና በኋላ ዕቃው መሥራቱ ደስ ቢያሰኝም ለፍርድ አይበቃም፤ መጀመሪያ ጉድለቱን ያሳየው ልኬት ዕቃው በርቶ ሳለ ይደገማል፣ የጠፋው ቮልቴጅ ከግማሽ ቮልት በታች ከወረደ ፍለጋው እዚያ ያበቃል።