የወለቃ ጭቃ

ስለ ጎንደር ታሪክ ጻፉ ስንባል ብዕራችን የሚሮጠው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። ግንቡን ማን ይጠላል! ግን በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ ሲሉ ወለቃ አለች። እዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች በመዳፍ የሚያዙ አንበሶችና ወፎችን ከጭቃ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የነሱን ታሪክ ማን ጻፈው?

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። በ15ኛው ምእተ ዓመት አፄ ይስሐቅ ክርስትና ያልተቀበለውን ከርስቱ እንደ ነቀሉት ይነገራል። ርስት የሌለው ምን ይብላ? ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቲቱ ጭቃ አቦካች። ገበሬው በሷ ምጣድ ጋገረ፣ በሷ እንስራ ውሃ ቀዳ፤ ዘወር ብሎ ደግሞ «ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች» አላት። አውሬ ትሆናለች የተባለችው ሴት ናት እንግዲህ አውሬውን በጭቃ የቀረጸችልን።

እርግጥ የጥንቱ ሥራ ምጣዱና እንስራው ነው። ትንንሾቹ እንስሳት የበዙት በ20ኛው ምእተ ዓመት፣ ቱሪስት ጎንደርን ማዘውተር ሲጀምር ነው። «ታዲያ የፈረንጅ ጌጥ ነዋ!» የሚሉን አሉ። አንስማማም። ገዢው ፈረንጅ ይሁን እንጂ እጁ የአገር እጅ ነው። መንኮራኩር የለም፤ ጭቃው በጣት ይቀረጻል፣ ይደርቃል፣ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል። እርጥበቱ ሳይወጣ ከተቸኮለበት እሳት ውስጥ ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ የስንት ቀን ድካም ገል ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ከአንበሳው ጎን ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባም ባንድ አልጋ ተኝተው ይሸጡ ነበር (ይህን ቄስ ፊት ባናነሣው ይሻላል)።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ለቤተ እስራኤልም የመሬት መብት ሰጠ፤ «ቡዳ» የሚለውን ስም ግን አዋጅ አይፍቀውም። በ1977 ብዙዎች በሱዳን በኩል ወጡ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

ጭቃው ግን አልቆመም። ክርስቲያን ጎረቤቶች ሥራውን ያዙት፤ ያው አንበሳ፣ ያው የዳዊት ኮከብ ለመንገደኛ መሸጡን ቀጠለ። ትናንት የጠይብ ሥራ ተብሎ የተናቀው ዛሬ «የአካባቢው ባህል» ተባለ፤ ጀማሪዎቹ ግን ስማቸው የለም።

ያኔ 30 ዓመት የነበራቸው ሴቶች አሁን ከ60 አልፈዋል። በየቤታችን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ትንሽ አንበሳ ፎቶ አንሥተን፣ እስራኤል ዘመድ ያለን በዘመዶቻችን በኩል ብንልክላቸው «ይቺ የኔ ናት፣ ያቺ የእከሊት» ብለው የሚለዩ እናቶች ገና አሉ።