መድኃኒቱ የተሞከረበትም ሐቅ አለው፦ ከጣና ዳር የካላዛር ታሪክ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ጣናን በግራው ትቶ የፎገራን የሩዝ ማሳ ያቋርጣል፤ ወረታን ያልፍና አዲስ ዘመን ይደርሳል። ብዙዎቻችን ለዒድ፣ ለሠርግና ለትምህርት የምንመላለስበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ዳር የሆነውን ነገር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ እሱን ልናወጋችሁ ነው።

ወጋችን ስለ አንድ በሽታ ቢመስልም ጥያቄው ሰፊ ነው። መድኃኒትን በሰውና በእንስሳ ላይ መሞከር ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ አደቡ ምንድን ነው? ከመካከላችን ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪና የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ አላችሁ፤ ነገ ወረቀት ይዛችሁ ታማሚ ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ሌሎቻችን ደግሞ የአባታችን ወይም የእናታችን አልጋ አጠገብ ቆመን «እዚህ ላይ ፈርሙ» የምንባል ነን። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

በሌላ ስም የገደለው በሽታ

ነገሩ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ ዘመን ከተማው በሆነው በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በገበሬው ላይ ትኩሳት ወደቀ። ሰው ለሳምንታት ያተኩሰዋል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሆዱ ግን ይነፋል። አገሩ የወባ አገር ነውና ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። «መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው» ተባለ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ያህል ሰው ተቀበረ።

ግንቦት 1997 ላይ ትክክለኛው ስም ታወቀ፦ ካላዛር። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ስትነክስ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። ጥገኛ ተሕዋሱ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ካልታከመ ይገድላል። ቀድሞ የሚታወቀው በቆላው፣ በሁመራና በመተማ ነበር። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደዚያ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያውቁት ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። በዚያው ወር ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አዲስ ዘመን ላይ ማከሚያ ከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማንም በሊቦ ከምከም ሰው ላይ መድኃኒት አልሞከረም። ሰው ግን አለቀ። ያልተጠና በሽታም ይገድላል። «አትመርምሩን፣ አትሞክሩብን» ማለት ብቻውን ማንንም አያድንም።

የሕንድ መድኃኒት ወደ እኛ ሲመጣ

(ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያኔ የነበረው ዋና መድኃኒት ከአንቲሞኒ የሚሠራ መርፌ ነው። ለ30 ቀናት በየቀኑ ይወጋል፤ ያማል፤ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ኤችአይቪ ያለባቸው ታማሚዎች ብዙ ጊዜ አይችሉትም ነበር። በዚህ ጊዜ ከሕንድ ደስ የሚል ወሬ መጣ። ፓሮሞማይሲን የተባለ ርካሽ መድኃኒት በ21 ቀናት ውስጥ ከ100 ታማሚ 94 ያህሉን አድኗል ተባለ።

ታዲያ መድኃኒቱን አምጥቶ ማደል አይበቃም ነበር? ተመራማሪዎቹ አይበቃም አሉ። በጎንደር፣ በአርባ ምንጭ፣ በሱዳንና በኬንያ በሚገኙ ማከሚያዎች ከነባሩ መርፌ ጋር አነጻጽረው ሞከሩት። ውጤቱን በ2010 ያሳተመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ የሚመራ ቡድን ነው። ነባሩ መርፌ ከ100 ታማሚ 92 ያህሉን ሲያድን፣ የሕንዱ መድኃኒት በዚያው መጠን ሲሰጥ ያዳነው 64 ያህሉን ብቻ ነበር። በአንድ የሱዳን ማከሚያማ የዳኑት ከ100 ወደ 14 ይጠጋሉ። መድኃኒቱ ያው፣ በሽታው ያው፤ ሰውና አገሩ ግን ሌላ ነበር።

የሙከራ አደብ የሚታየው ከዚህ በኋላ በሚደረገው ነው። ያንን መጠን መስጠት ቆመ። ላልዳኑት ሌላ ሕክምና ተሰጣቸው። ከዚያም መድኃኒቱ ከነባሩ መርፌ ጋር ተጣምሮ ተሞከረ። ጥምሩ ሕክምናውን ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን አሳጠረው፤ የማዳን ኃይሉም ከነባሩ ብዙም አልራቀም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከሩት ይህንኑ ነው። አንድ ገበሬ 13 ቀን ቀድሞ ወደ ማሳው ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለተኛ ምሳሌም አለ። አምቢሶም የተባለው መድኃኒት በሕንድ አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር ተሰጥቶ ከ100 ታማሚ 95 ያህሉን አድኗል። እዚህ ሲሞከር ያው አንድ መጠን ያዳነው 58 ያህሉን ነው። ተመራማሪዎቹ 124 ሰው ላይ ሲደርሱ ውጤቱን አይተው ሙከራውን አቆሙ።

እስቲ ሁለቱን ስህተት እናስብ። ሳይሞከር በሕንድ ውጤት ብቻ ቢታደል ኖሮ፣ ከታማሚው ግማሽ ሊጠጋ የሚችለው «ድነሃል» ተብሎ በሽታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ውጤቱ ደካማ መሆኑ ከታየ በኋላ ሙከራው ቢቀጥል ደግሞ ግልጽ ዙልም ይሆን ነበር። አደቡ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ይህን ቀድሞ ያለው ማን ነው?

ይህ ጉዳይ ለኛ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ኢብን ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን» በተሰኘው መጽሐፉ መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን ደንቦች አስቀምጧል። ከእነሱ አንዱ የመጨረሻው ፈተና በሰው አካል ላይ መሆን አለበት የሚለው ነው፤ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየው በሰው ላይ ላይደገም ይችላልና። የጎንደሩ ሙከራ ይህን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወሰደው፦ በሕንድ ሰው ላይ የታየውም በኛ ሰው ላይ ላይደገም ይችላል።

ከእሱ በፊት አር-ራዚ ሜርኩሪን ለጦጣ ሰጥቶ ያየውን ጽፏል። የማጅራት ገትር ምልክት ያለባቸውን ታማሚዎችም በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ደም በማፍሰስ አክሞ ሌላውን በመተው አነጻጽሯል። በ1162 የሞተው የአንደሉሱ ኢብን ዙህር ጉሮሮን ቀዶ አየር የማስገባትን ሕክምና መጀመሪያ በፍየል ላይ ሞክሮ፣ ቁስሉ መዳኑን አረጋግጧል። መሞከር አዲስ ነገር አይደለም። ጥያቄው ሁልጊዜ የተሞከረበት ፍጡር ሐቅ ምንድን ነው የሚለው ነው።

የተተዉት ሰዎች

ስለ ሐቅ ከተነሳ የማይታለፍ ነገር አለ። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው የካላዛር ሙከራዎች ኤችአይቪ ያለባቸውን ታማሚዎች አላካተቱም። ምክንያቱ እነሱን ከጉዳት መጠበቅ ነበር፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛር አብዝቶ የሚገድለው እነሱን ነው። ከሙከራ የተከለከሉት ሰዎች መጨረሻ ላይ ለእነሱ ያልተፈተነ መድኃኒት ተቀባይ ሆኑ።

ይህ የታረመው ዘግይቶ ነው። በጎንደርና በአብደራፊ ለእነዚህ ታማሚዎች ብቻ የተዘጋጀ ሙከራ ተደረገ። በ2019 የታተመው ውጤት እንዳሳየው አምቢሶምና ሚልቴፎሲን ተጣምረው፣ ሕክምናው እንደ ሰውየው ሁኔታ ሲራዘም፣ ከ100 ታማሚ 88 ያህሉ ከተሕዋሱ ጸድተዋል። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በዚህ መሠረት ቀየረ። ደካማን ከሙከራ ማራቅ ሁልጊዜ ርኅራኄ አይደለም። አንዳንዴ መርሳት ነው።

እንስሳቱስ?

እነዚህ መድኃኒቶች ሰው ጋ ከመድረሳቸው በፊት በእንስሳት በኩል አልፈዋል። የካላዛርን ተሕዋስ ለማጥናት ሃምስተር የምትባለው አይጥ መሰል እንስሳና ነጫጭ አይጦች ሆን ተብለው ይታመማሉ፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ይህን ቀለል አድርገን ልናልፈው አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ምክንያት እንደተቀጣች፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰውም ምሕረት እንዳገኘ አስተምረዋል። ሕይወት ያለውን ፍጡር የዒላማ መለማመጃ ማድረግን ከልክለዋል። በ1262 የሞቱት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም የእንስሳትን ሐቅ ዘርዝረው ሲጽፉ፣ ያረጀና የማይጠቅም እንስሳ እንኳ መቀለብ እንዳለበት አስቀምጠዋል።

ታዲያ ጨርሶ ይቅር እንበል? እዚህም ታሪክ መልስ አለው። ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ሲቀርብ በእርጉዝ እንስሳት ላይ በአግባቡ አልተፈተነም ነበር። ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 እስኪታገድ ድረስ በብዙ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። አሁን ወደ ሚልቴፎሲን እንመለስ። ይህ መድኃኒት ፅንስን እንደሚጎዳ የታወቀው በእርጉዝ አይጦች ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዲት የፎገራ ሴት መድኃኒቱን ስትወስድና ከጨረሰችም በኋላ ለወራት እንዳታረግዝ ትመከራለች። ያቺ አይጥ ለዚህች እህታችን ልጅ ምስክር ሆናለች።

የምስክሩ ዋጋ ግን በከንቱ መባከን የለበትም። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሦስት ደንብ አወጡ፦ በሌላ መንገድ መተካት ከተቻለ ተኩ፤ ቁጥሩን ቀንሱ፤ ሥቃዩን አቅልሉ። የኢትዮጵያ ምሳሌም አለን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለአሥርተ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሆን ተብለው በቫይረሱ ከተያዙ በጎችና ፍየሎች አንጎል ነበር። የተነከሰው ሰው ለ14 ተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ ይወጋል። የአንጎሉ ርዝራዥ አንዳንዱን ሰው ሽባ እስከማድረግ ይደርስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1984 ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር መክሯል፤ በኛ አገር ግን ድህነት ለብዙ ዓመታት አቆየው። በላቦራቶሪ ሕዋስ ላይ የሚመረተው ዘመናዊ ክትባት በጉንም ሰውንም ከሥቃይ ያድናል። ለእንስሳው ማዘንና ለሰው ማዘን ብዙ ጊዜ አንድ መንገድ ነው።

እምነት ሲሰበር

በ1996 በናይጄሪያ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነባት በካኖ፣ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገባ። ፋይዘር ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት ይዞ መጥቶ 200 ያህል ሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን 11 ሕፃናት ሞቱ። ወላጆች ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋት አልሠራሁም ቢልም በ2009 ከካኖ መንግሥት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን እምቢ አለች። ቫይረሱ ተስፋፋ፤ ድንበር እየተሻገረ ሱዳን ደረሰ፤ በ2004 መጨረሻ ከፖሊዮ ነጻ የነበረችው ኢትዮጵያ ውስጥ ገባ። ከተጠቁት መካከል የኛ የአማራ ክልል ሕፃናትም ነበሩ። በ1996 ካኖ ላይ የተሰበረው እምነት ዕዳውን የከፈለው እዚህ ያለ ሕፃን ጭምር ነው። ፈቃድ መጠየቅ የወረቀት ሥራ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እኛስ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ በሕክምና ሙከራ እንድትሳተፉ ከተጠየቃችሁ አትሽሹ፤ ዝም ብላችሁም አትፈርሙ። ጠይቁ። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ሙከራ? አዲሱ ባይሠራ ምን ይሰጠኛል? ብጎዳ ማን ያክመኛል? መሃል ላይ ብተው ሕክምናዬ ይቋረጣል? መድኃኒቱ ከሠራ ለጎረቤቴ ይደርሳል? ከ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብና ከ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ወዲህ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። መልሱ በምትሰሙት ቋንቋ ካልተነገራችሁ አልተነገራችሁም።

ሁለተኛ፣ የጤና ተማሪዎች ሆይ! ፊርማ አማና ነው። ማንበብ የማይችል አባት ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀታችሁ ላይ ሲያሳርፍ ያመነው እናንተን ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አይጥ ስትይዙም የሚያያችሁ አላህ አለ።

ሦስተኛ፣ ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ የሚወርዱ ወንድሞች አሉን። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳትና የሆድ መነፋት ካለ «ወባ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ የካላዛር ምርመራ ጠይቁ። በሊቦ ከምከም ሰው ያለቀው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ነው።

ዛሬ በ17 ቀን ድኖ የሚወጣ ታማሚ የዳነው ከእሱ በፊት አልጋው ላይ ተኝተው «ይሞከርብኝ» ባሉ፣ ስማቸውን በማናውቃቸው ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ምክንያት ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ የወሰዱት መድኃኒት አልሠራላቸውም ነበር። ዱዓ ሲደረግ እነሱንም እናስታውሳቸው።

አላህ የታመሙትን ይማርልን፤ ዕውቀታችንን ከርኅራኄ ጋር ያድርግልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።