ያልተቆፈረው ኢሉባቦር

እ.ኤ.አ. 1974 ለአርኪዮሎጂ የበረከት ዓመት ነበር። በመጋቢት ወር በቻይና ሺያን አቅራቢያ ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከሸክላ የተሠራ ሠራዊት ላይ ደረሱ። በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1967 ደግሞ ዶናልድ ጆሃንሰን ሐዳር ላይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን አገኘ። ከዚያ ወዲህ የአገራችን ጥንታዊነት በተነሳ ቁጥር ሐሳባችን ወደ አፋር፣ ወደ ኦሞና ወደ አክሱም ይሄዳል፤ የኢሉባቦሮቹን መቱን፣ ጎሬንና ቡሬን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ግን የሚናገረው ስለ ኢሉባቦር ሰው ጥንታዊነት ሳይሆን ስለ ፍለጋችን አቅጣጫ ነው። አፋር ላይ መሬቱ የተራቆተ ስለሆነ ጎርፍ የሸረሸረው አጥንት ከላይ ይታያል። ኢሉባቦር ላይ ደንና ቅጠል መሬቱን ስለሸፈኑት ምንም ነገር ለዓይን አይጋለጥም።

«ታዲያ ኢሉባቦርም ይቆፈር» ሲባል የሚሰጠው የተለመደ ምላሽ «እርጥብና አሲዳማ አፈር አጥንት ስለሚበላ፣ የእንጨትና የሣር ቤትም ስለሚበሰብስ መቆፈሩ ከንቱ ድካም ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። ጋሞም ዝናብ የማይለየው ደጋ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 የሞታ ዋሻ ተቆፍሮ 4,500 ዓመት ያስቆጠረ የአንድ ሰው አፅም ወጣ፤ «ባይራ» የሚል ስምም ተሰጠው። ተመራማሪዎቹን ወደ ዋሻው የመሩት የጋሞ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዋሻው ቀዝቃዛ በመሆኑ በውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ያለው ጠንካራ አጥንት ዲኤንኤውን ጠብቆ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤትም ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው ሙሉ ዘረመል ሲነበብ የመጀመሪያው ሆነ። ለኢሉባቦር ይበልጥ የሚቀርበው ከፋ ነው፤ በዚያ የኩማሊ ዋሻ ደረቅ ስለነበር የቡና ፍሬ ሳይቀር የዕፅዋት ቅሪት ተገኝቶበታል። እንግዲህ ችግሩ ደኑ ሳይሆን ሜዳ ላይ ብቻ መፈለጋችን ነው። በሶር ወንዝ ሸለቆና በያዮ ቡና ደን ውስጥ መጠለያ የሚሆን ዋሻ፣ ከሰል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ብረት ሲቀልጥ የሚቀር ጥቁርና ቀዳዳ የበዛበት ዝቃጭ መፈለግ ይቻላል። እነዚህን አሲድ በቀላሉ አያጠፋቸውም።

«የኢሉባቦር ከተሞች የቅርብ ጊዜ ናቸው፤ ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መናገሻ ስለነበረች ነው ያደገችው» የሚሉም አሉ። ይሁን፤ ቅርብ መሆን ግን ለቁፋሮ እንቅፋት አይሆንም። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት መነሻነት የጋምቤላ ንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ ቡናው በበቅሎ ከጎሬ በቡሬ ቁልቁል ወርዶ ባሮ በሚሞላበት ክረምት በመርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ደግሞ መንግሥቱ በራስ እምሩ መሪነት ጎሬ ላይ ለመቆም ሞከረ። የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል የተጻፈው በቆንስሎችና በነጋዴዎች ደብዳቤ ነው፤ ቡናውን የጫነው ሲራራ ነጋዴና በቅሎ ነጂው ምን እንደበሉ፣ የት እንዳደሩ ግን ደብዳቤው ብዙም አይነግረንም። ያንን ሊነግረን የሚችለው የሰፈሩበት መሬት ነው፤ ስለዚህ የድሮው መንገድ ማደሪያዎች ከዋሻዎቹ እኩል መጠናት ይገባቸዋል።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። መንገድ ሲቆረጥ፣ ለቡና ማሳ ደን ሲመነጠር፣ ለቤት መሠረት ሲቆፈር በየቀኑ አፈር ይገለበጣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። አዋጁ ግን የሸክላ ስባሪን ከተራ ድንጋይ የሚለይ ዓይን አይፈጥርም። መቱ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎቹ ከየወረዳው ሽማግሌዎች ጋር ዋሻዎቹንና የበቅሎ መንገዶቹን በካርታ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ግሬደሩ ከመድረሱ በፊት የት መቆፈር እንዳለበት ይታወቃል።