ባልቻ ሳፎ (ደጃዝማች)

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ የዓድዋ ጀግናና ለረጅም ዘመን የሲዳሞ ገዥ ነበሩ። የዛሬው የጌዴኦ ዞን፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ደራሳ፣ በግዛታቸው ውስጥ ነበር።

ትውልድና አስተዳደግ

ትውልዳቸው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች ጉራጌ፣ ሌሎች ኦሮሞ ይሏቸዋል፤ ከሁለቱም ይወለዳሉ የሚሉም አሉ። የትውልድ ስፍራቸው በሶዶ አካባቢ የሚገኘው አገምጃ እንደሆነ ይነገራል። በስፋት እንደሚተረከው ምኒልክ ወደዚያ በዘመቱ ጊዜ ባልቻ ገና ልጅ ሳሉ ተሰልበው በጦር ሜዳ ወድቀው ተገኙ፤ ታክመውም በቤተ መንግሥት አደጉ። ሀገራቸውን የወጋው ንጉሥ አሳዳጊያቸው ሆነ ማለት ነው። በኋላ ላይ ለምኒልክ ቤት ያሳዩትን የማይናወጥ ታማኝነት ብዙዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል።

ዓድዋ

በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ከበባና በዓድዋ በመድፈኛነት ስማቸው ገነነ።

አስተዳዳሪነት

ከ1890 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሲዳሞን፣ ቀጥሎ ሐረርን ገዙ፤ ከዚያም ወደ ሲዳሞ ተመለሱ። መቀመጫቸው ሀገረ ሰላም ነበር። በነፍጠኛና ገባር ሥርዓት የጌዴኦ ገበሬ ለተመደበበት ወታደር ይገብር፣ ጉልበቱንም ይሰጥ ነበር።

የግዴታዎች ግጭት

ባልቻ ለንግሥት ዘውዲቱ ታማኝ ቢሆኑም የአልጋ ወራሽ ተፈሪን ሥልጣን በሙሉ ልብ አልተቀበሉም። በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። እርሳቸው ለግብር ቤተ መንግሥት በተገኙበት ሰዓት ሠራዊታቸው በገንዘብ ተደልሎ ተበተነ፤ ሹመታቸውም ለሌላ ተሰጠ። ቤተ ክርስቲያን ተጠግተው ኋላ እጃቸውን ሰጡ፣ ታሰሩም። አንዳንዶች ድርጊታቸውን ለመሐላ መጽናት፣ ሌሎች ደግሞ አመፅ ይሉታል። በሕንዶች የማሃባራታ ታሪክ ብዙ የሚከበረው ቢሽማም ለዙፋን በገባው ቃል ታስሮ ፍትሕ ከጎደለው ወገን በመሰለፉ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የባልቻ ታማኝነት ዋጋም በራሳቸው ላይ ብቻ አልቀረም፤ ለዙፋኑ የሚገባው የቡና ግብርና የሠራዊቱ ቀለብ ከገባሩ ትከሻ ላይ የሚወርድ ነበር። ስለዚህ በዓድዋ የተገኘው ክብር በጌዴኦ ለቀረበው የፍትሕ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሞት

በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርጅተው ሳሉ ዳግም ለጦርነት ተነሡ፤ በ1929 ዓ.ም. ተገደሉ። እጅ የሚሰጡ መስለው ጠላትን እንደገደሉ የሚናገር ትረካ አለ፤ ሌላው ትረካ ግን እየተዋጉ መውደቃቸውን ብቻ ይገልጻል።

መታሰቢያ

በአዲስ አበባ በስማቸው የተሰየመ ሆስፒታል አለ።